ከጎተራ እስከ መጋዘን፤ ቁልፉስ በማን እጅ?

አዲስ አበባ ውስጥ «ጎተራ» ሲባል ለዛሬው ሰው ትዝ የሚለው የመንገድ ማሳለጫው ነው። ከመሐል ከተማ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መንገድ የሚጠላለፍበት፣ ታክሲዎች ተጋፍተው የሚያልፉበት፣ «ጎተራ ወራጅ አለ!» እየተባለ የሚጮህበት ሥፍራ። ስሙን ያወጡለት ግን ማሳለጫው ገና ሳይታሰብ እዚያ የቆሙት የእህል ማከማቻዎች ናቸው። ሕዝቡ የባዕድ ስም አልፈለገላቸውም። ገጠር የለመደውን ቃል አምጥቶ ኮንክሪቱን «ጎተራ» አለውና በዚያው ጸና።

እኔን ይህ ስም ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የገበሬው ጎተራ ቁልፍ የለውም፤ ክዳኑን የሚከፍተው ክረምት ከበጋ ቤተሰቡን የሚቀልበው ሰው ራሱ ነው። የከተማው ጎተራ ግን ቁልፍ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጥበታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዛለች። በዚህ ጉዞ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አዝመራው ከሚሰበሰብበት ከኅዳርና ከታኅሣሥ አንሥቶ ጓዳ እስከሚራቆትበት እስከ ሐምሌና ነሐሴ ድረስ ያንን እህል ማን ይዞት ይከርማል? ይዞት የከረመውንስ ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን?

«መጋዘን» የሚለው ቃል ራሱ እንግዳ ነው። ሥሩ ዐረብኛ ሲሆን «መኽዘን» ማለት ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ነው። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1731 ለንደን ውስጥ አንድ አሳታሚ ልዩ ልዩ ጽሑፎች የተከማቹበትን ወርኃዊ ኅትመት «ማጋዚን» ብሎ ሰየመው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው እርስዎ አሁን በእጅዎ የያዙትን ዓይነት መጽሔት እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው የመጋዘን ስም ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ አልራቅንም። በግዕዝ «መዝገብ» ማለት ሀብት የሚከማችበት ቤት ነበር፤ «ዘገበ» ማለትም አከማቸ፣ አጠራቀመ። ጋዜጠኛው «ዘገባ» ብሎ ሲጽፍ የዕቃ ቤት ቋንቋ እየተናገረ መሆኑን በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ከገበሬው እንጀምር። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ አገር ጎተራ የሚሠራው ከእንጨትና ከጭራሮ ወይም ከቀርከሃ ተጠላልፎ፣ ከውስጥም ከውጭም በጭቃና በእበት ተመርጎ ነው። አይጥ እንዳይወጣበት፣ እርጥበት እንዳይስበው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ባላ ላይ ይቆማል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ከቤት ውስጥ ደግሞ ጎታና ዲብኝት አሉ። ሴቶች ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት እየለወሱ ራሳቸው የሚያበጇቸው ናቸው። አያቴ ቤት የነበረው ጎታ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ከሥሩ እህል የሚቀዳበት በጨርቅ የተወተፈ ቀዳዳ ነበረው። ያንን ውታፍ ያለ እርሷ ፈቃድ የሚነቅል አልነበረም። አያቴ መጋቢት ሲገባ ከውስጡ የቀረውን በክንዷ ለክታ «እስከ ነሐሴ ያደርሰናል» ወይም «አያደርሰንም» ትል ነበር። የአንድ ቤተሰብ የዓመት በጀት ይኸው ነበር።

በዚህ ዓይነት ማከማቻ ውስጥ ሁሉም እህል እኩል አይከርምም። ጤፍ ደቃቃ ስለሆነች ነቀዝ ሰርስሮ የሚገባባት ቦታ የላትም፤ ለዓመታት ሳትበላሽ መቆየት ትችላለች። በቆሎ ግን ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ዱቄት ይሆናል። የሚያሳዝነው ታዲያ መቆየት የምትችለው ጤፍ ብዙውን ጊዜ ለግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለልብስ ተብላ በጥር ገበያ የምትወጣው መሆኗ ነው። ለቤት የሚቀረው ነቀዝ የሚወደው ነው።

ሐረርጌ ላይ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለ። እዚያ ማሽላ የሚቀበረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ እንደ እንስራ ይቆፈራል፤ ውስጡ ጭድና ገለባ ይነጠፍበታል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። እንግዳ የሆነ ሰው «እህል ይቀበራል እንዴ?» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ረቂቅ ነው። በታፈነው ጉድጓድ ውስጥ እህሉና ነፍሳቱ አየሩን እየሳቡ ይጨርሱታል፤ የተቃጠለው አየር ይሞላዋል፤ ነቀዙ እዚያው ታፍኖ ይሞታል። ጉድጓዱ በተከፈተ ጊዜ አየሩ እስኪወጣ ሳይታገሡ የገቡ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አጋጣሚ አለ። ጉድለቱ እርጥበቱ ነው፤ ዳርና ዳሩ ያለው እህል ይሻግታል፣ ይሸታል። ሆኖም ከእሳት፣ ከሌባና ከዘማች ወታደር የሚሸሽግ ማከማቻ ነበር። ከላዩ ከታረሰበት እህል መኖሩን የሚያውቀው የቀበረው ብቻ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁና።

ወታደር ካልን ዘንድ ወደ ቤተ መንግሥት እንሻገር። ከጥንት ጀምሮ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ግምጃ ቤቶችና ጎተራዎች ነበሩ፤ አብዛኛው ጦር ግን የሚኖረው በየገበሬው ቤት እየተመደበ፣ ቀለቡን ከዚያው ጎተራ እየበላ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ይህን አሠራር ገደል አፋፍ ላይ አደረሰው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ አራሹ ሞቶ ወይም ተሰዶ፣ ወታደሩ የሚበላው ከየት ይምጣ? ከዚያ በኋላ ነው ዳግማዊ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት እንዲያስገባ፣ ወታደሩም ከገበሬው ቤት ወጥቶ ቀለቡን ከመንግሥት ጎተራ እንዲሰፈርለት ያዘዙት። አሥራት የተባለው ይህ ነው። በወረቀት ሲታይ ትልቅ እፎይታ ነበር። በተግባር ግን ጎተራውን መሥራትም ሆነ እህሉን በአህያና በጀርባ ተሸክሞ እዚያ ማድረስ በገባሩ ላይ የወደቀ ሥራ ሆነ። አሥራት እስከ 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ኖሯል። መንግሥት በአገሪቱ ትልቁ የእህል አስቀማጭ የሆነው በዚያን ዘመን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የነጋዴው መጋዘን የመጣው በሐዲድ ነው። የጅቡቲው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስላዳገተው ሜዳውን መርጦ በ1895 ዓ.ም. ግድም ድሬዳዋን ወለደ። ሐዲዱ ከዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ስለቆየ፣ ድሬዳዋ ለዓመታት የአገሪቱ ቡናና ቆዳ የሚወርድባት፣ የውጭው ጨርቅና ጨው የሚራገፍባት የመጨረሻ ጣቢያ ነበረች። ዕቃ በሚራገፍበት መጋዘን ይበቅላል። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ የመኖች፣ ሕንዶች ግንባቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ከፍ ያለና በብረት የታጠረ ቤቶች አቆሙ። ከትልልቆቹ ነጋዴዎች መካከል ዋና ቤቱ ኤደን የነበረው የአንቶኒን ቤስ ኩባንያና የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ይጠቀሳሉ። ቤስ በኋላ ከሀብቱ ከፍሎ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማቋቋሚያ ሰጥቷል፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የአበሻ ቆዳና ቡና ድርሻ እንዳለበት አስባለሁ። መሐመድ አሊን ደግሞ በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ መንግሥት ንግዱን ለራሱ ኩባንያዎች ለማድረግ ሲል ከአገር አስወጣው። ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን የመሠረተውም በእነዚያው ዓመታት ነው።

የእነዚህ መጋዘኖች ውስጥ ሕይወት የተጻፈለት አይመስለኝም። በቡና መጋዘን ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከፊታቸው የተዘረገፈውን ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው እየለዩ፣ በለቀሙት መጠን ይከፈላቸዋል። ከእነርሱ ጎን አንድ ኩንታል በጫንቃው ብድግ አድርጎ በሳንቃ ላይ ወደ መኪና የሚወጣው ተሸካሚ አለ። ሌላው ቀርቶ የጆንያው ታሪክ እንኳ የሚናገረው አለው። ዛሬ ከተሜውም ገጠሬውም የፕላስቲኩን ከረጢት «ማዳበሪያ» ይለዋል። ማዳበሪያ ይዞ የገባው ከረጢት ባዶውን እህል ተሸክሞ ስለተመለሰ ስሙም አብሮት ቀረ።

ንግዱ ሲሰፋ ሕጉም ተከተለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መጋዘን ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አንድ ሰው ዕቃውን በሌላ ሰው መጋዘን ያስቀምጣል፤ ባለ መጋዘኑ ተቀብሎ ይጠብቃል፤ ለአስቀማጩ ሰነድ ይሰጠዋል፤ ሰነዱን ይዞ መሸጥ ወይም በመያዣነት መበደር ይቻላል። መጋዘን ኢንዱስትሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጋዴ የራሱን ዕቃ በራሱ ቤት ሲቆልፍ ጓዳው ሰፋ ማለት ነው እንጂ አዲስ ሥራ አልተፈጠረም። የሌላውን ሰው ንብረት በአደራ ተቀብሎ፣ በኪሎ ሳያጎድል፣ በጥራት ሳያሳንስ በኪራይ የሚጠብቅ ሲገኝ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ተወለደ ይባላል። ጃፓኖች ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብለው በኦሳካ ከተማ የሩዝ መጋዘን ደረሰኞችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩባቸው ነበር። የእኛው ሕግ ግን ወረቀት ላይ ተኝቶ ቀረ።

እንዲነቃ ጊዜም አልተሰጠው። አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ሲከለከል ለኪራይ ብሎ መጋዘን ማቆምም አብሮ አከተመለት። ቀጥሎ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ጎተራው ሁሉ ወደ አንድ እጅ እንዲጠቃለል ተወሰነ። ገበሬው በኮታ የተመደበበትን እህል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስገባል። የራሱ ምርት ካልበቃው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብ ገበሬ ነበር። መንገዱ ላይ ኬላ ተዘረጋ። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች በግል ነጋዴው ላይ የተጣለው ገደብ ደግሞ የባሰ ነበር። የከተማው ሰው በበኩሉ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በካርድ ተሰፈረለት፤ ይህን የማያስታውስ ጎልማሳ ከተሜ ያለ አይመስለኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ኮርፖሬሽኑ በየአውራጃው የቆርቆሮ መጋዘን አቁሟል፤ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ብዙ የማከማቻ ቤቶች የእርሱ ሥራ ናቸው። ነገር ግን የሐረርጌው ጉድጓድ ትርጉሙ የታየው በዚህን ጊዜ ነው። እህል መኖሩ የታወቀበት ሰው ኮታው ይጨመርበታል። ስለዚህ ገበሬው ይደብቃል፣ ነጋዴው ይደብቃል። በየካቲት መጨረሻ 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ኬላዎቹም ተነሡ። ኮርፖሬሽኑ በኋላ የእህል ንግድ ድርጅት ተባለ፤ ወደኋላም ከሌሎች የመንግሥት ንግድ ድርጅቶች ጋር ተቀላቀለ። የመደበቅ ልማዱ ግን ከአዋጁ ጋር አልተሻረም።

የአገሪቱን የመጋዘን ካርታ ከንግድ ይበልጥ የለወጠው ረሃብ ነው። የ1966ቱ የወሎ እልቂት ካለፈ በኋላ አገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ያስፈልጋታል የሚል ሐሳብ በረታ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም የአደጋ ጊዜ የምግብ መጠባበቂያ ክምችት ተቋቋመ። ተቋሙ ገና እግሩን ሳይተክል የ1977ቱ ድርቅ ደረሰ። በዚያ ዓመት የታየው ነገር ለመጋዘን ታሪክ መማሪያ ነው። ከውጭ የተላከው እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ፣ የሚያነሣው መኪና አጥቶ፣ በሰሜኑ ግን ሰው ይሞት ነበር። ባሕር ዳርቻ ያለ ክምር የኮረሙን ሰው አያበላም። ከዚያ በኋላ መጋዘኖቹ ወደ ሰው እንዲቀርቡ ተደረገ፤ ኮምቦልቻ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት፣ ሻሸመኔ፣ ድሬዳዋና ወላይታ ሶዶ የመጠባበቂያው ከተሞች ሆኑ።

የመጠባበቂያው አሠራር በአስተሳሰቡ ያማረ ነው። እርዳታ ሰጪው ድርጅት መርከቡ እስኪደርስ ከክምችቱ ተበድሮ ያድላል፤ መርከቡ ሲመጣ ይተካል። ስለዚህ እህሉ አይነቅዝም፣ ሰውም አይጠብቅም። ችግሩ ተበዳሪው ካልመለሰ ነው። በ1992 ዓ.ም. በኦጋዴን በጎዴ አካባቢ ሕፃናት ሲረግፉ የሆነው ይኸው ነበር፤ የተበደሩት ቶሎ ስላልተኩ ክምችቱ ተሟጥጦ ነበር። ባዶ መጋዘን ባለ ብዙ ቁልፍ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

ታዲያ ከሁሉ የሚገርመው ጥጋብ ያመጣው ጉዳት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የወሰዱ በቆሎ አብቃዮች ጥሩ አዝመራ አገኙ። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ወድቆ ገበሬው ማጨጃውንና ማጓጓዣውን እንኳ የማይሸፍንለት ሆነ። ማሳው ላይ የተተወ በቆሎ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን አልወደቀም። በማግስቱ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አንዱ ዓመት ለሌላው ዓመት ማበደር አልቻለም። በመካከላቸው ሊቆም ይገባው የነበረው መጋዘን፣ ያንንም የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ አልነበረማ! ወይዘሮ እሌኒ ገብረ መድኅን ስለ ኢትዮጵያ እህል ገበያ ባደረጉት ጥናትና ኋላም የምርት ገበያ እንዲቋቋም ባቀረቡት ክርክር ይህን ዓመት ደጋግመው ያነሡታል።

ያ ክርክር ፍሬ አፈራ። በ1996 ዓ.ም. የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ወጣ። የ1952ቱ ሕግ የተናገረውን ለማንቃት 44 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በሚያዝያ 2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምርቱ በየአካባቢው መጋዘን ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው፤ ጆንያው ካለበት አይነቃነቅም። በጅማ፣ በአዋሳ፣ በዲላ፣ በቦንጋና በጊምቢ ቡና፣ በሑመራ፣ በመተማና በጎንደር ሰሊጥ የሚቀበሉ መጋዘኖች ተከፈቱ። ከዚያ በፊት የዲላ አቅራቢ ቡናውን ጭኖ አዲስ አበባ ጨረታ ላይ ደርሶ፣ ዋጋው ባይጥመው እንኳ መልሶ መጫን ስለማይሆንለት እጁ ተጠምዝዞ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ደረሰኙ ያንን ቀንሷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሥራው የተጀመረው ለበቆሎና ለስንዴ ነበር፤ እነርሱ እምብዛም አልመጡም። ገበያውን ያቆመው በአዋጅ እንዲገባ የተደረገው ቡና፣ ቀጥሎም ሰሊጥ ሆነ። የገበሬው ጥቂት ኩንታል በማኅበር ካልተሰባሰበ ለደረሰኝ አይበቃም፤ ለጥር ዕዳው ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግ ሰውም እስከ ሐምሌ ልጠብቅ አይልም። ስለዚህ የ1994ቱን በቆሎ አብቃይ ያድነዋል ተብሎ የተወጠነው ሥርዓት ለውጭ ምንዛሪ ሰብሎች አገለገለ።

በመጋቢት 2001 ደግሞ መንግሥት ስድስት ትልልቅ ቡና ላኪዎችን ቡና አከማችታችኋል ብሎ ፈቃዳቸውን ነጠቀ፣ መጋዘኖቻቸውንም ዘጋ፣ ቡናውንም ወስዶ ሸጠ። የዓለም ዋጋ ወርዶ የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ጊዜ መንግሥት መጨነቁ ይገባኛል። ላኪዎቹም ዋጋ እስኪሻል ይጠብቁ እንደነበር መገመት አያዳግትም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ዋጋ እስኪሻል ምርትን ይዞ መቆየት ወንጀል ከሆነ፣ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጁ ለገበሬው የሚሰጠው ተስፋ ታዲያ ምንድን ነው? እዚያም «ዋጋ እስኪሻል አስቀምጥ» ነው የሚለው።

ሰው ንብረቱን ከቤቱ ውጭ ለማስቀመጥ የሚፈራበት ሌላም ምክንያት አለው። በግንቦት 1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዕቃ በአሰብና በምጽዋ ወደቦች እንደተከማቸ ቀረ። ኢትዮጵያ ያቀረበችውን የካሳ ጥያቄ ሄግ ላይ የተቀመጠው የይገባኛል ኮሚሽን በታኅሣሥ 1998 ውድቅ አደረገው። ነጋዴው ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ በዚያም የወደብ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥርበት ጀመር። መንግሥት በሰመራና በሞጆ ደረቅ ወደብ ሠራ፤ በ2004 የመርከብ ድርጅቱን፣ የትራንዚቱንና የደረቅ ወደቡን ሥራ አንድ አደረገ። ሞጆ ዛሬ ባሕር የሌለው የባሕር በር ነው። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቦ ሲታይ አገሪቱ በየቀኑ ምን ያህል ከውጭ እንደምትሸምት ይገባዎታል። በአንጻሩ ስለ ላክነው ነገር እዚያ ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው።

ከዚያም የቅርቡ ጦርነት መጣ። ኮምቦልቻ፣ ያቺ ከረሃብ ትምህርት ወስደን መጠባበቂያ ያከማቸንባት ከተማ፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ሲዘረፉባት ዋለች፤ ድርጅቱም እዚያና ደሴ እደላውን አቋረጠ። በሰኔ 2015 ደግሞ የእርዳታ እህል ከተረጂው እየተነጠቀ ወደ ገበያና ወደ ሌላ እጅ እየሄደ ነው በሚል ምክንያት አሜሪካ በመላ አገሪቱ የምታቀርበውን የምግብ እርዳታ ለወራት አቆመች። የተራበው ሰው ላልያዘው ቁልፍ ተቀጣ።

አንድ ቀን መርካቶ እህል በረንዳ ጎራ ብዬ ነበር። ጆንያዎቹ መንገድ ዳር ተገጥግጠዋል፤ ደላሎቹ ከከረጢቱ ጥቂት እየዘገኑ ጤፉን በመዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ ያያሉ። ከዘመናት ጀምሮ እዚያ የኖሩ አንድ አዛውንት ደላላ ጋር ሻይ ጠጣን።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል ዘመን ሠርተው አንድ ደህና መጋዘን ለምን አላቆሙም?» አልኳቸው።

ሣቅ አሉ። «ልጄ፣ መጋዘን አለው ከተባልኩ እህል አለው እባላለሁ። እህል አለው ከተባልኩ ደግሞ ሲወደድ እኔ ነኝ ያስወደድኩት። እህል እዚህ ሁለት ቀን ካደረ እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

ከዚህ ንግግር በላይ የሚገልጸው የኢኮኖሚ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ዘይት፣ ስኳር ወይም ሲሚንቶ በጠፋ ቁጥር የመጋዘን በር ሲሰበርና ቴሌቪዥኑ የተከመረውን ዕቃ ሲያሳየን እናያለን። ከዚያ ክምር ውስጥ በርግጥ የተደበቀ አለ፤ ሕዝብ በተቸገረ ጊዜ ሆን ብሎ ዕቃ የሚሰውር ነጋዴ የለም የሚል ሞኝ አይደለሁም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ይህን ይከለክላል። ሆኖም ከዚያው ክምር ውስጥ በአግባቡ ተገዝቶ በአግባቡ የተቀመጠም ይኖራል። በበሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሁለቱን የሚለይበት ሚዛን በእጁ የለም። በበኩሌ መፍትሔው የሚጀምረው ከምዝገባ ይመስለኛል። ፈቃድ ባለው መጋዘን ውስጥ ያለው መጠን በየሳምንቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ የገለጸ ሰው ባከማቸው ባይከሰስ፣ የደበቀ ብቻ ቢጠየቅ፣ ነጋዴው ከሐረርጌው ጉድጓድ ወደ ብርሃን ሊወጣ ይችላል። የግዕዙ «መዝገብ» ሁለቱንም ትርጉሙን ያኔ ያገኘዋል፤ ዕቃ ቤትም፣ የዕቃው ጽሑፍም።

ገበሬው ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል አይጠብቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ወረዳዎች ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ገብቷል። ሁለቱ ውስጠኛ ላስቲኮች፣ ላይኛው የታወቀው ማዳበሪያ ነው። አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ላይ ለአተር መሰል እህል ብለው ያዘጋጁት ነበር። መድኃኒት አይነሰነስበትም። በቆሎው በደንብ ከደረቀ በኋላ ይሞላና አፉ አንድ በአንድ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። የሐረርጌ አባቶች ለዘመናት ያወቁት ነገር በላስቲክ ተመልሶ መጣ፤ እርጥበቱን ግን ትቶ።

የአንድ ከረጢት ዋጋ ከተራው ጆንያ በጣም ይበልጣል፤ አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም፤ ገጠር ሱቅ ውስጥም ሁልጊዜ አይገኝም። ቢሆንም በእጁ የገባለት ቤተሰብ በቆሎውን በጥር ከመሸጥ ይተርፋል። ከረጢቶቹ የሚቀመጡት ከመኝታው አጠገብ፣ ቤት ውስጥ ነው። ሲታሰሩም፣ ሐምሌ ላይ ሲፈቱም አብዛኛውን ጊዜ ገመዱን የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት።